የሳንቲሙ ዋጋና የአጣቢዋ ገበቴ

የጥንት ወርቅ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ራሱን የታሪክ ወዳጅ ብሎ መጥራት ይወዳል። ስያሜው ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። በ1822 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተቀረጹት 17,796 የአምስት ዶላር ወርቆች ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ ሦስተኛው በ2021 በ8.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን ዋጋ ያወጣለት የቀራጺው ጥበብ ሳይሆን የአቅላጩ እቶን ነው፤ በውስጣቸው ያለው ወርቅ ከተጻፈባቸው ዋጋ ስለበለጠ ጓደኞቹ ቀልጠው አልቀዋል።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ አሶሳን ምን አገባት የሚል ይኖራል። መሐመድ አሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ከግብጽ ወደ ሱዳን ያዘመተው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር፤ ዓይኑም በፋዞግሊና በቤኒሻንጉል ላይ ነበር። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. አገሩን ካስገበሩ በኋላም የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሚልኩት ግብር ወርቅ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው፣ 1889 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ወርቆች ዛሬ በውጭ አገር ጨረታ ይሸጣሉ። የጨረታው መዝገብ ክብደታቸውን፣ የዘውዱን ጭረት ሳይቀር ይቆጥራል። ስለ ወርቅ አውጪው ሰው ግን አንድ መስመር አይጽፍም። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወንዞች ጎንበስ ብላ አሸዋውን በገበቴ የምታጥበው የበርታ ሴት ለእነዚህ የታሪክ ወዳጆች ታሪክ አይደለችምን?

ሰብሳቢዎቹ «እኛ ባንኖር ሁሉም ይቀልጥ ነበር» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ከመሬት የወጣ ሳንቲም ከተገኘበት ስፍራ ሲነጠል ግማሽ አንደበቱን ያጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. በየመን፣ በአል መድሃሪባ፣ 326 የአክሱም ወርቆች ከ868 የሮም ወርቆች ጋር ባንድነት ተገኙ፤ የቀይ ባሕርን ንግድ የመሰከሩት አብረው በመገኘታቸው ነው። አንድ በአንድ ወደ ገዢ ኪስ ቢገቡ ኖሮ 326 ጌጦች ብቻ በሆኑ ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

በአሶሳ ስለ ወርቅ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ቢኖር፣ ከሳንቲሙ አስቀድሞ ገበቴውን ያስቀምጥ፤ ከሥሩም የወንዙንና የአጣቢዋን ስም ይጻፍ።