ስለ ጠበቆች ረዳቶች ድካምና ደመወዝ

የሌላውን ሰው በደል በብዕሩ ገልጦ ለዳኛ የሚያሰማ ሰው፣ የራሱን በደል የሚያሰማለት ካጣ፣ ነገሩ የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ይህ መልካም ነው፤ ሊቃውንት በአንድነት ቢመክሩ ነገር ይቃናልና። ዳሩ ግን በድርጅትም ሆነ በአንድ ጠበቃ ቢሮ፣ ማስረጃ የሚሰበስበው፣ አዋጅ የሚያገላብጠው፣ አቤቱታ የሚያረቀው፣ መዝገብ ይዞ በየችሎቱ ደጅ የሚጠናው ወጣቱ ረዳት ነው። አንዳንዱም «ልምምድ ላይ ነህ» እየተባለ ያለ ደመወዝ፣ ወይም ለቤት ኪራይ በማይበቃ ገንዘብ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የልምዱንም ማስረጃ የሚጽፈው አሠሪው ነውና፣ ረዳቱ አፉን ይዞ ይኖራል።

አሠሪዎቹ ሲጠየቁ «እኛም በዚሁ አልፈናል፤ ሙያ ያለ መከራ አይገኝም» ይላሉ። እኔም ከቅኔ ቤት የወጣሁ ነኝና መልስ አለኝ። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቍራሽ ይለምናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ለባለጸጋ ሸጦ ዋጋውን በከረጢቱ አይከትም። ረዳቱ ያረቀቀው አቤቱታ ግን ለባለጉዳዩ በገንዘብ ይሸጣል። እንግዲህ የዚህ «ልምምድ» ሰሙ ትምህርት፣ ወርቁ ግን የሰው ጉልበት ያለ ዋጋ መብላት ነው።

ወጪውንስ የሚሸከመው ማነው? በአንበሳሜ ገበያ በጉን ሸጦ ልጁን ሕግ ያስተማረ የደራ ገበሬ፣ ልጁ በአዲስ አበባ ከጠበቃ ቤት ሥራ ያዘ ሲባል፣ ዳግመኛ ጤፉንና ሽሮውን ጭኖ ይልክለታል፤ ሳያውቀውም የጠበቃውን ቤት ይቀልባል። አቅሙ ሲያልቅ ልጁ ሙያውን ይተዋል፤ ሙያውም ለባለጠጋ ልጆች ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ በመሬቱ ተበድሎ ከወረዳው ፍርድ ቤት እስከ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ድኻ፣ ኑሮውን የሚያውቅ ጠበቃ ከወዴት ያገኛል?

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራውን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ለትርፍ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ አዟል፤ የሙከራውንም ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳያልፍ ደንግጓል። ይህንን አዋጅ ለሌላው ሠራተኛ ጠቅሶ የሚከራከር ጠበቃ፣ በገዛ ቤቱ ሊረሳው አይገባም።

ሕግ አዋቂዎች ሆይ፤ ኦሪት በአውድማ ለሚያበራየው በሬ እንኳ አስባለታለች። ከረዳታችሁ ጋር ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ደመወዙን በወሩ ክፈሉ፤ ሌሊቱን ለዕረፍቱ ተዉለት፤ ስሕተቱንም እያረማችሁ አስተምሩት። ያን ጊዜ በችሎት ቆማችሁ ስለ ፍትሕ ስትናገሩ ቃላችሁ ይታመናል።