መንጃ ፈቃድ የያዘና ያልያዘ ወገን

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና ተይዞ ከሚነሱት ጨዋታዎች አንዱ «የትኛው ሕዝብ ይነዳል፣ የትኛው አይነዳም» የሚለው ነው። የሐበሻ ወንድ ሲባል ታክሲና ከባድ መኪና፣ የሐበሻ እናት ስትባል ደግሞ አውቶቡስ ጥበቃ ይታሰባል። አንዳንዱ ነገሩን የባሕል ጉዳይ ያደርገዋል። ሌላው ከዚያም አልፎ የእንትና ብሔር ልጆች ለመኪና መሪ የተፈጠሩ ናቸው እስከማለት ይደርሳል።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ዕድሜውን በምሕንድስና ያሳለፈ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ሁለት ቁጥር ተራርቆ ሲያይ ሕዝቡን ከመውቀሱ በፊት ሥርዓቱን ይመረምራል። የመንጃ ፈቃዱም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። አንዱ ማኅበረሰብ ብዙ ፈቃድ፣ ሌላው ጥቂት የሚይዘው በሕግ፣ በገንዘብ፣ በቋንቋና በትምህርት ምክንያት እንጂ በደም አይደለም።

ከአገር ቤት እንጀምር። አዋጅ ቁጥር 600/2000ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃድ ለሚፈልግ ሰው የትምህርት ደረጃ ያስቀምጣሉ። የመንገድ ምልክት ማንበብ የማይችል ሰው መሪ እንዳይዝ መደረጉ አያስወቅስም። ሆኖም ትምህርት ቤት ያልተሠራላት የገጠር ሴትና አርብቶ አደሩ ገና ከደጃፉ ቀሩ ማለት ነው። መኪናውማ ለብዙው ሕዝብ ሕልም ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለመሆኑ መብራት ያልደረሰው ወረዳ ምን እንዲነዳ ታስቦ ይሆን?

ፈቃዱን የያዘውስ ወዴት ይነዳል? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው መወሰዳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። መንገድ ያልተጠበቀለት ሕዝብ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ነው።

ወደ ስደቱ ዓለም እንምጣ። ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ፈቃድ ጀመረች። አዲስ ነጂ የጽሑፍ ፈተና አልፎ ጂ1 ይይዛል። 12 ወር፣ የታወቀ የመንጃ ትምህርት ቤት ከተማረ 8 ወር ጠብቆ ለጂ2 ይፈተናል። ሌላ 12 ወር ቆይቶ ለሙሉው ጂ ይቀርባል። በቂ የመንዳት ልምድ ያለው ጀርመናዊ ወይም ጃፓናዊ ግን የአገሩን ፈቃድ ያለ መንገድ ፈተና ይለውጣል። ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ላይ 20 ዓመት የነዳ ወገናችን ከአንድ ዓመት በላይ ልምዱ እንዲቆጠርለት ከአገር ቤት የማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ታዲያ ትግራይ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጦርነት ከዓለም ስትቆረጥ፣ በአማራ ክልልም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ጦርነቱ ሲነድና ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ፈቃዱን መቀሌ ወይም ጎንደር ያወጣ ሰው ማንን ይጠይቅ ነበር? የአገዛዝ ብልሽት አትላንቲክን ተሻግሮ ስደተኛውን ቶሮንቶ ላይ እንደገና ለማጅ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል ፈቃዱ የእንጀራ ነገር ነው። የካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት የ2006ን ቆጠራ መሠረት አድርጎ፣ በአገሪቱ ከነበሩት 50 ሺህ ያህል ታክሲ ነጂዎች ግማሽ ያህሉ ስደተኞች መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ ዶክትሬት ወይም የሕክምና ዲግሪ የያዙ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ የባለፈቃዱ መብዛት ሁልጊዜ የኑሮ መሻሻል ምልክት አይደለም። አንዳንዴ ሌላ በር መዘጋቱን ነው የሚያሳየው።

ይበልጥ የሚያሳስበው የእናቶቻችን ጉዳይ ነው። በካናዳ የፌዴራል ምርጫ ፎቶ፣ ስምና አድራሻ ያለበት አንድ የመንግሥት ካርድ ይበቃል፤ መንጃ ፈቃድ እንዲህ ያለ ካርድ ነው። ፓስፖርት አድራሻ ስላልታተመበት ብቻውን አይበቃም። ፈቃድም ሆነ ሌላ እንዲህ ያለ ካርድ የሌላት ዜጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ማስረጃ ፈልጋ ትቀርባለች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ኒው ዮርክ የሚገኘው የብሬናን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው የአሜሪካ ጥናት፣ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁር ዜጎች 25 ከመቶ ያህሉ የሚያገለግል የመንግሥት ባለፎቶ መታወቂያ አልነበራቸውም፤ ከነጮቹ ግን 8 ከመቶ ብቻ። መታወቂያው የጎደለበት ወገን ድምፁም ሊጎድል ይችላል።

ጎበዝ! ይህ ልዩነት የማይጠገን አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስታወጣ አማርኛ ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ እዚያ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል። የሕዝባችን ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው።

«እንግዲያስ ማን ፈቃድ እንዳለው በየብሔሩ እንቁጠር» የሚል ቢነሳ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በኦንታሪዮ መንጃ ፈቃድ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ቁመትና ፆታ አለ፤ ብሔር የለም። እኛ አገር ግን የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለዓመታት ኖሯል፤ የመኪና ሰሌዳውም ክልል ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ሲታሰሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአማራ ክልል የመጡ መንገደኞች ከአዲስ አበባ በር ሲመለሱ፣ መታወቂያ ምን ሊሠራ እንደሚችል አይተናል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ብሔር አለመጻፉ በጎ ነው፤ መልካም ሲሠራ መልካም ነው እንላለን። በፆታ፣ በዕድሜና በሰፈር የሚደረግ ቆጠራ የጎደለውን ለመሙላት ይረዳል። በእያንዳንዱ ሰው ካርድ ላይ ዘር መጻፍ ግን ሰውን ለአጥቂው ጠቁሞ መስጠት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እናት አባቶቻችን መንዳት ባይፈልጉም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠውን የኦንታሪዮ ባለፎቶ ካርድ እናውጣላቸው፤ ዋጋው 35 ዶላር ነው፣ አምስት ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንና አብያተ እምነቶቻችን በሳምንት አንድ ምሽት ለጂ1 ፈተና ማስጠኛ ይመድቡ፤ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ኤምባሲውና የክልል ትራንስፖርት ቢሮዎች የነጂነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ለሁሉም ዜጋ፣ ከየትም ክልል ይምጣ፣ በተወሰነ ቀን እንዲሰጡ በጋራ እንጠይቅ። ይህ ልመና አይደለም፤ የዜጋ መብት ነው።

መሪ የመያዝ ዕድል ለሁሉም ይድረስ። በመኪናውም በአገሩም።

ቸር ይግጠመን።