ክራክ ነፃ አይደለም

ነጋዴ ወጪ ይቆጥራል። ሞያሌ ላይም ሆነ ናይሮቢ ኢስሊ፣ ጅቡቲም ሆነ መተማ፣ የጫኝና አውራጁን፣ የትራንዚተሩን፣ የመጋዘኑን ኪራይና የምንዛሪውን ልዩነት ሳንቲም ሳናስቀር እናውቃለን። ኮምፒውተር ላይ ሲደረስ ግን ከመካከላችን ብዙው ሰው ቆጠራውን ይተዋል። ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ሁሉንም ጫንልኝ» ይላል፤ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስና ኦፊስ ይጫንለታል፤ «በነፃ አገኘሁት» ብሎ ይወጣል።

ነፃ አይደለም። ክራክ ሲጫን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። «ዘበኛህን አሰናብትና ልግባ» ለሚል እንግዳ የመጋዘኑን በር የሚከፍት ነጋዴ አለ? አፕዴቱም አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት በማርች ወር አውጥቶት ነበር። አፕዴቱ በጊዜ ያልገባላቸው ኮምፒውተሮች ተበሉ።

የእኛ ኮምፒውተር ቢቆለፍ የሚጠፋው ምንድን ነው? የዱቤ መዝገቡ ነው። ማን ስንት ኩንታል በርበሬ ወሰደ፣ በሽልንግ ስንት ከፈለ፣ በብር ስንት ቀረበት? ድንበር ማዶ ካለው ደንበኛ ጋር ብዙ ጊዜ የተፈረመ ውል የለንም፤ ያለን መዝገብና መተማመን ነው። መዝገቡ ሲጠፋ መተማመኑም ይከተለዋል።

«ታዲያ በዶላር እየከፈልን በየዓመቱ ፈቃድ እንግዛ?» ለሚሉን መልሳችን አይደለም ነው። በአማርኛ «ነፃ» ሁለት ነገር ይዟል፦ ክፍያ የሌለበትም፣ ነፃነት ያለውም። ሁለቱንም የሚያሟሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ፤ የኤክሴልና የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ በዚያው ዓይነት መልሶ ያስቀምጣል፣ የአማርኛ ምናሌም አለው። ግኑካሽ ገንዘብ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደገባ ይመዘግባል፤ ብር፣ የኬንያ ሽልንግና የጅቡቲ ፍራንክ በአንድ መዝገብ ይይዛል። ሁለቱም አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። «ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» የሚሉ ሻጮች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሠራልና አታሚያችሁንና ዋይፋያችሁን ቀድማችሁ ትፈትሻላችሁ።

«ሒሳብ ሠራተኛዬ ኤክሴል ብቻ ነው የሚያውቀው» ይባላል። ኤክሴል የሚያውቅ ሰው ሊብሬኦፊስን በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ማክሮ ያለበት ፋይል ግን ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድሞ ይሞከር። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስገድደው የሽያጭ መመዝገቢያም በቦታው ይቆያል፤ ነፃ ፕሮግራም እሱን አይተካም።

«ያልተከፈለበት አይረባም» የሚሉም አሉ። የምንከፍትባቸው ድረ ገጾች አብዛኞቹ የሚኖሩት በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው፤ አንድሮይድ ስልካችንም ከሥሩ ሊኑክስ ነው። ሞባይል ገንዘብ በዚያ ስልክ የሚልክ ሰው ይህን ሊል አይችልም።

ለኮምፒውተር ቤቶችም የምንለው አለን። ክራክ መሸጥ ትታችሁ መጫንና ማስተማር ሽጡልን። ለእውቀታችሁ ደስ ብሎን እንከፍላለን።

ለእናንተ ደግሞ፦ በዚህ ሳምንት የዱቤ መዝገባችሁን በሁለት ፍላሽ ገልብጡ፣ አንዱን ከሱቅ ውጭ አስቀምጡ። ከዚያ ሊብሬኦፊስን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ያንኑ መዝገብ ክፈቱበት። ድምሩን ከድሮው ጋር አስተያዩ። ከተስማማ፣ ክራኩን የምታቆዩበት ምክንያት አይኖርም።