«ወንድማችሁን በቁሙ ቀበራችሁት» ላሉን የተሰጠ መልስ



ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን በተሰቀለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስም ያልተጻፈበት አንድ ወረቀት ተለጥፎ ሰንብቷል። አላነሣነውም፤ ሰሌዳው የሁላችንም ስለሆነ ወደፊትም አናነሣውም። ወረቀቱ በአጭሩ የሚለው፣ ጠጥቶ ሲነዳ ለሦስተኛ ጊዜ ለተያዘው ወንድማችን የጠበቃ ገንዘብ አናዋጣም በማለታችን ኮሚቴው ሰው በቁሙ ቀበረ ነው። «ለሙት ስትሮጡ ለቋሚ ግን እጃችሁ ታሰረ» ይለናል። «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ የማይጠጣ ማን አለ?» ብሎም ይጠይቃል። አነጋገሩ ያምራል፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ለመሆኑ አንጠራጠርም። ነገሩ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተት ብቻ ቢሆን ባለፍነው፣ አደገኛም ነው።

ውሳኔው የኛ ነው፤ አንክድም። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስታችን ደግፈን፣ ሁለቱ ተቃውመው ያለፈ ነው። ወንድማችንን በስም አንጠራውም፤ ስሙን የማያውቅ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ባይኖርም አንጠራውም። በሦስተኛው ጉዳይ ገና አልተፈረደበትም፤ ፍርዱም የዳኛ እንጂ የኛ አይደለም። እኛ የምንናገረው ዳኛ ፊት ስለማይቀርበው ስለራሳችን ጥፋት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት መጀመሪያ ሲያዝ ምን አደረግን? በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ሰበሰብን፤ ጠበቃ ያዝን፤ ሲወጣም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብለን ቡና አፈላን። ቡናው ላይ ውስኪ የከፈተው ማን እንደሆነ ዛሬ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ብርጭቆ ይዘን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለተኛው መጣ። እንደገና አዋጣን። እስር ቤት በቆየባቸው ቀናት ለልጆቹም ለጠያቂም «ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል» እያልን ዋሸን። ከወጣ በኋላ አንድ ሰው እንኳ «አንተ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እየያዘህ ነው» አላለውም። ነውሩን ሸፈንለት፤ በሽታውንም አብረን ሸፈንነው። በአገራችን በአንድ ዘመን ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ነበር፤ ብዙዎቻችን እሱ አስመርሮን የወጣን ነንና ቃሉን አንወደውም። እዚህ ላይ ግን ሌላ ቃል አላገኘንለትም።

ወረቀቱን የጻፉልን ወገናችን «ማንም አልተጎዳም፤ ደግሞስ እዚሁ ግቢ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንጂ አውራ መንገድ ላይ መች ሆነ?» ብለዋል። እስቲ ወደ ማቆሚያው እንውረድ። በ«ማንም አልተጎዳም» ሒሳብ ውስጥ ያልገባች አንዲት የልጅ ብስክሌት አለች፤ ከግንቡና ከመኪናው መሐል ገብታ እንደ ወረቀት ታጥፋ ነበር የተገኘችው። የብስክሌቷ ባለቤት የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ውሃ ጠምቶት ወደ ቤት ገብቶ ነበር። ውሃ ባይጠማውስ? የልጁ እናት ይህንን ጥያቄ ለኮሚቴው ስታቀርብ ከመሐላችን መልስ የሰጣት የለም። የቨርጂኒያ ሕግም ቢሆን መኪና ጠጥቶ መንዳትን ሲከለክል መንገድ ብቻ ብሎ አይለይም፤ የግል ግቢም ግቢ ነው ብሎ አይምርም።

ሕጉን ካነሣን ዘንድ በደንብ እናንሣው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወሬ ነውና። በቨርጂኒያ በደም ውስጥ 0.08 ከተገኘ ወንጀል ነው። መጀመሪያ የተፈረደበት ሰው ቢያንስ 250 ዶላር ይቀጣል፤ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል፤ ዳኛው እስከ 12 ወር ሊያስረው ይችላል። ይሄ «ቀላሉ» ነው። ከመጀመሪያው ጥፋት በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ የደገመ ሰው ዳኛውም ቢያዝንለት ሊቀንስለት የማይችለው 20 ቀን እስር አለበት፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ከሆነ 10 ቀን ነው። ቅጣቱ ከ500 ዶላር አያንስም፤ መንጃ ፈቃዱም ለሦስት ዓመት ይሄዳል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ከሆነ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ፌሎኒ ነው፤ ከባድ ወንጀል። ከ90 ቀን በታች አይታሰርም፤ ሦስቱም በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆኑ ስድስት ወር። ቅጣቱ ከ1,000 ዶላር ይጀምራል። መንጃ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ሳይኖረው ይሰረዛል፤ ይመለስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ለማመልከት ዓመታት መጠበቅ አለበት። ልጅ አሳፍሮ የተገኘ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ አምስት የእስር ቀን ይጨመርበታል።

«የዲሲው እዚህ አይቆጠርም፣ የሜሪላንዱም ለብቻው ነው» የሚል ወሬ በየካፌው እንሰማለን። ውሸት ነው! ተመሳሳይ ሕግ ባለው በሌላ ስቴት የተፈረደ ይቆጠራል። ዓመቱም የሚሰላው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን እስከሚቀጥለው ጥፋት ቀን ነው እንጂ ከፍርዱ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ ቀጠሮ በማራዘም አሥር ዓመቱን አሞላለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ስለ ኢንሹራንሱ አጭር ነገር እንበል። የተፈረደበት ሰው ኤፍ-አር 44 የሚባለውን፣ መጠኑ ከተራው ዝቅተኛ ግዴታ እጥፍ የሆነውን ኢንሹራንስ ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያው ጥፋት እንኳ በገደብ ልንዳ ያለ ሰው፣ ትንፋሽ ሳይሰጡት መኪናውን የማያስነሣውን መሣሪያ በገዛ ኪሱ ያስገጥማል። ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ ከማውረዱ በፊት ቱቦ ውስጥ የሚነፋ አባት አይተን እናውቃለን። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

ከኛ መካከል ስንቱ ነው በመሪ የሚተዳደረው? ታክሲው፣ በስልክ የሚጠራው መኪና፣ ትሬንታው፤ ሁሉም በመንጃ ፈቃድ ነው። በተለይ ለትራክ ነጂዎች እንናገራለን። ሲዲኤል ያለው ሰው በሥራ መኪና ሳይሆን በገዛ የቤት መኪናው፣ እሑድ ከክርስትና ሲመለስም ቢሆን ተይዞ ከተፈረደበት ሲዲኤሉን ለአንድ ዓመት ያጣል። ሁለተኛ ከተፈረደበት ዕድሜ ልክ ነው። ስቴቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመልስለት ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም። የትራኩ ዕዳ ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ ወዳልተነካው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ካስቲዮ-ፔሬስ በሚባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በሚፈለገው ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ እንዲገመት ተደርጓል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን የሰውየው ነው፤ «ታርሜያለሁ፣ ትቻለሁ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ውሳኔው ራሱ ይናገራል። በዚያው ዓመት ይኸው ለዜግነት ማመልከቻም መመሪያ ሆኖ ወጣ። የዜግነቱ ዘመን ለብዙዎቻችን አምስት ዓመት ነው። የወንድማችንን ቁጥር አስሉት፤ የመጀመሪያው ከአምስቱ ዓመት ውጭ ወጥቶለታል፤ ሦስተኛው ከተፈረደበት ግን ከሁለተኛው ጋር ሁለት ይሆንበታል። በገደብ ላይ እያለም ዜግነት አይሰጥም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናትና አባቱን ማስመጣት አይችልም፤ ዜጋ ሲሆን ነው የሚችለው። እንግዲህ አገር ቤት በር በሩን እያዩ «ልጄ ወረቀቱ ሲያልቅለት ይወስደኛል» የሚሉ እናት ካሉ፣ የልጃቸው ብርጭቆ እሳቸው ደጃፍ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። በትምህርት ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ሳይፈረድበት፣ በመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁም ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ወዲህ ካናዳ ይህን ጥፋት ከባድ ወንጀል ብላ ስለመዘገበች በድንበሯ ላይ መመለስ አለ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለማስፈራራት ነው ወይ? አዎ፣ በከፊል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዚህ አገር የጠጣ ሰው በነዳበት አደጋ 13,524 ሰው ሞቷል። ያስፈራል፤ ቢያስፈራ ደስ ይለናል።

ጸሐፊው ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ብለዋል፦ ከኛ ውስጥ የማይጠጣ የለም። ልክ ናቸው። ጠላውም ጠጁም የኛ ነው፤ እኛም ማኅበሩን የቄስ ጉባኤ ልናደርገው አልተነሣንም። የምንከሰው መጠጡን ሳይሆን «በሞቴ፣ አንዷን ለመንገድ» የምንለውን የኛን አፍ ነው። እንግዳ ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሞ እያለ ብርጭቆ የምንሞላ እኛ ነን። «አይ፣ መኪና ይዣለሁ» ሲል «ምን ሆነሃል፣ ከፈረንጅ ጋር ከረምክ እንዴ?» ብለን የምናሳፍር እኛ ነን። አክብሮት መስሎን! ሰውየው ሲያዝ ደግሞ «ፖሊሱ አድብቶ ነው፣ ጥቁር ስለሆነ ነው» እንላለን። መልክ አይቶ የሚያስቆም ፖሊስ የለም አንልም፤ እኛም ያየነው ነገር ነው። የትንፋሹ መለኪያ ግን መልክ አያይም።

የጠበቃውን ነገር እንጨርስ። መክፈል የማይችል ሰው እስር በሚያስከትል ክስ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል፤ ከተፈረደበት ወጪውን ሊጠየቅ ይችላል፤ ያለ ጠበቃ ግን አይቀርም። የአማርኛ አስተርጓሚም ይቀርብለታል። ስለዚህ «ያለ ጠበቃ ጣላችሁት» የሚለው ነገር መሠረት የለውም። ተቃዋሚዎቹ ሁለት የኮሚቴ አባላት «የተመደበለት ጠበቃ ጉዳዩ ይበዛበታል፣ በደንብ አያይለትም» ብለው ተከራክረዋል፤ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኛም አንድ ምሽት ሙሉ ተነታርከንበታል። ሆኖም ሁለት ጊዜ ጥሩ ጠበቃ ገዛንለት። ሦስተኛውን የወለዱት እነዚያ ሁለት ጠበቆች ናቸው አንልም። ከጠበቃው ሌላ ምንም ስላልሰጠነው ነው እንላለን።

የወሰንነው እንግዲህ ይህን ነው። ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ቀለብ ማኅበሩ ለሦስት ወር ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ወር ተከፍሏል፤ ወረቀቱን የጻፉት ወገናችን ይህን የሰሙ አይመስለንም። ወንድማችን መጠጥ ለማቆም ሕክምና ልግባ፣ ስብሰባ ልሂድ ቢል በየማክሰኞው ማታ የሚወስዱትና የሚመልሱት አራት አባላት ተመዝግበዋል። ይህንን ሄደን ነግረነዋል። በሩን ከፈተ፤ ሰማን፤ ምንም አላለም፤ አልሰደበንምም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማንም አባል ጠጥቶ ወደ ማኅበሩ ስልክ ቢደውል የታክሲውን ሒሳብ ማኅበሩ ይከፍላል፤ ማን እንደ ደወለ አይጠየቅም፤ በመዝገብም ስሙ አይገባም። በአዳራሹ በሚደረግ ድግስ ሁሉ የቁልፍ ሳጥን በር ላይ ይቀመጣል።

ብስክሌቷን ገዝተን ተክተናል። ልጁ ግን ማቆሚያው ውስጥ መንዳት ትቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚነዳው፤ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ስለ ጫጫታው ያቀረባችሁት አቤቱታ ደርሶናል፤ ለጊዜው ታገሡት።

ውሳኔው በጠቅላላ ስብሰባ ሊሻር ይችላል። ስብሰባው በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በምድር ቤቱ አዳራሽ ይደረጋል። ወረቀቱን የጻፉልን ወገናችን መጥተው በአካል ቢናገሩ እናዳምጣቸዋለን፤ የልጁ እናትም ትመጣለች።

የማኅበሩ ኮሚቴ