የሰው ኪሎ አያደምቅ

አማርኛችን «ጉልበት» ለሚለው ቃል ሁለት ፍቺ ሰጥቶታል። አንደኛው ጭንና ባት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል፣ ብርታት፣ የመሥራት አቅም ነው። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ቋንቋውን ያወረሱን አበው የሰው ኃይል የሚታወቀው ከተንበረከከበት ሲነሣ መሆኑን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ የግጥምና የልብ ወለድ ወዳጆችን ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ስለ ብረት ማንሣት፣ በተለይም ዴድሊፍት ስለሚባለው ነውና። ቢሆንም አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ፤ ነገሩ መጨረሻው ላይ ብዕር የጨበጠውንም ሰው ሳይነካ አያልፍም።

ዴድሊፍት ከክብደት ማንሣት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ብረቱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሰውየው ጎንበስ ይላል፤ ይጨብጠዋል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በቃ። ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ እንደመነሣት፣ ወርዶ በመመለስ የሚገኝ መንደርደሪያ የለውም። ክብደቱ በድን ሆኖ ከተኛበት ይጀመራል፤ ስያሜውም ከዚሁ የመጣ ነው። በውድድር መድረክ እንኳ ዳኛው «ጀምር» አይልም፤ አንሺው ራሱ በፈቀደው ቅጽበት ይጀምራል። ዳኛው የሚናገረው ጉልበቱ ተዘርግቶ፣ ትከሻው ወደ ኋላ ተመልሶ ጸጥ ብሎ ሲቆም «አውርድ» ለማለት ብቻ ነው። ቀላልነቱ ግን አሳሳች ነው። እግር፣ ዳሌ፣ ወገብ፣ ጀርባና መዳፍ በአንድ ቃል ካልተስማሙ ብረቱ ከመሬት አይላቀቅም፤ ቢላቀቅም ዕዳውን የሚከፍለው ወገብ ነው።

እኔ ቀኔን በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሌላውን ሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። ማታ ማታ ወደ ሰፈር ጂም ጎራ እላለሁ። እዚያ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ታነሣለህ?» የሚል ነው። «ከየት ጀመርክ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ወገብህን እንዴት አደረገህ?» የሚልም የለም። ብረት ከነካ ሁለት ወር ያልሞላው ወጣት፣ አጠገቡ ካለው ጋር ለመስተካከል ብቻ ክብደት ሲደራርብ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ጎብጦ ከብረቱ ጋር ሲተናነቅ የማየው በዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። አበው «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚሉት ይህንን ነው። በሦስተኛው ወር ወጣቱ አይመጣም። ወገቡን አሞት ቀርቷል ይባላል፤ ጂሙም ይረሳዋል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ግብን ማነጻጸር ክፉ አይደለም። ክፉው ቁጥርን ከባለቤቱ ነጥሎ ማነጻጸር ነው።

የዓለምን ታላላቆች እንመልከት። እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል እ.ኤ.አ. በ2016 ሊድስ ከተማ ላይ 500 ኪሎ ግራም ከመሬት አነሣ፤ በእኛ አቆጣጠር አምስት ኩንታል መሆኑ ነው። ከእርሱ በፊት በዚህ ሚዛን ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አልነበረም። ክብሩ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ብረቱን እንዳወረደ ከአፍንጫው ደም ፈሶ ተዝለፍልፏል። አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሩ፣ በራሱ ጂም ውስጥ 501 ኪሎ አነሣ። የአንዲት ኪሎ ብልጫ! ሆል «ክብረ ወሰን የሚሰበረው በውድድር መድረክ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ጠቡ ሄዶ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱን ግዙፋን ዱባይ ላይ የቦክስ ጓንት አስጠለቃቸው። በቡጢውም ብዮርንሰን በዳኞች ውሳኔ ረታ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ክብረ ወሰኑን 510 ኪሎ አደረሰው።

አሁን ሌላ ሰው ላምጣ። አሜሪካዊው ላማር ጋንት እ.ኤ.አ. በ1985 ስድሳ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ሰውነቱ 300 ኪሎ አነሣ፤ የገዛ ክብደቱን አምስት እጥፍ በማንሣትም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሆል 500 ኪሎውን ሲያነሣ የራሱ ክብደት ከ180 ኪሎ በላይ ነበር፤ ስለዚህ ያነሣው የራሱን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ከሁለቱ ብርቱው ማነው? ሚዛኑን ብትጠይቁት ሆል ይላችኋል፤ እጥፉን ብትጠይቁት ጋንት ይላችኋል። እጥፍም ቢሆን ፍጹም ዳኛ አይደለም፤ ሰውነት በገዘፈ ቁጥር ክብደቱ ከብርታቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ ስሌቱ ለትንሹ ሰው ያደላል። የጋንት ክንዶች ረጃጅም ናቸው፤ ረጅም ክንድ ያለው ሰው ብረቱን ወደ ላይ የሚስብበት ርቀት ያጥርለታል። በሌላ በኩል ደግሞ የጋንት አከርካሪ የተጣመመ ነው፤ ይህንን በየትኛው ቀመር እናስገባዋለን? ሆልና ብዮርንሰን በተወዳደሩበት የስፖርት ዓይነት ብረቱን ከእጅ አንጓ ጋር በማሰሪያ ጨርቅ ማሰር ይፈቀዳል፤ ጋንት በተወዳደረበት ግን ክልክል ነው። ሦስቱም «ዴድሊፍት» ሠሩ እንላለን፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ወደ መንደራችን እንመለስ። በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቧንቧ አያይዘው ብረት የሚያነሡ የሰፈር ልጆችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በውድድር ላይ የሚያገለግለው ትልቁ ክብ ብረት ከዳር እስከ ዳር 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንሺው የሚጨብጠው ዘንግ ከመሬት 22.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። የሲሚንቶው ጣሳ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ዘንጉ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ልጁ ብረቱ ዘንድ ለመድረስ ይበልጥ ይጎነበሳል፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ ወገቡ ገና ከመነሻው ይጎብጣል። የእርሱ 80 ኪሎና የሌላው 80 ኪሎ በስም እንጂ በሥራ አንድ አይደሉም። ከጣሳዎቹ ሥር እንጨት ወይም ጡብ ቢደረግ ዘንጉ ከፍ ይልለት ነበር። ነገር ግን የሚጠየቀው «ስንት?» ብቻ ከሆነ ይህንን ማን ይነግረዋል?

በመሥሪያ ቤቴ ብረት የምናነሣ ሦስት ሰዎች አለን። በሻይ ሰዓት ግባችንን እናነጻጽራለን። አንደኛው ባልደረባዬ 92 ኪሎ ይመዝናል፤ በ100 ኪሎ ጀመረ፤ ግቡ 180 ነው። እኔ 68 ኪሎ እመዝናለሁ፤ በ60 ጀመርኩ፤ ግቤ 140 ነው። ሦስተኛዋ እኅታችን 58 ኪሎ ናት፤ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ከተነሣች በኋላ 20 ኪሎ በሚመዝነው ባዶ ዘንግ ጀመረች፤ ግቧ 60 ነው። የባንክ ሰው ነኝና ሒሳቡን በሦስት መንገድ ሠራሁት። በብረቱ ክብደት ከተቆጠረ ባልደረባዬ አንደኛ ነው። በገዛ ሰውነት እጥፍ ከተቆጠረ ደግሞ እኔ በጥቂቱ እበልጠዋለሁ። ከመነሻው እስከ ግቡ ባለው መንገድ ከተቆጠረ ግን እርሱ መነሻውን አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ፣ እኔ ሁለት እጥፍ ከሦስተኛ፣ እርሷ ሦስት እጥፍ ልታደርስ ተነሥታለች። ሦስት መለኪያ፣ ሦስት አሸናፊ። እርሷ ይህን የምታደርገው ልጆቿን አስተኝታ በምትሰርቃት ሰዓት መሆኑን ደግሞ የትኛውም መለኪያ አይመዘግብም። ከሦስታችን ትልቁን ግብ የያዘችው እርሷ ናት እላለሁ፤ ባልደረባዬም በዚህ ይስማማል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «እንግዲያውስ ሰው ከራሱ ጋር ብቻ ይወዳደር፤ ሌላውን ምን አገባው?» የሚል። ደግ ንግግር ነው፤ ግን ለስንፍናም መሸሸጊያ ይሆናል። ከራሱ ጋር ብቻ የሚተያይ ሰው መስታወቱ ብዙ ጊዜ ያሞካሸዋል። ብዮርንሰን ወደ 501 የተነሣው ከፊቱ 500 ስለነበረ ነው። የሌላው ሰው ግብ እስከ የት መድረስ እንደሚቻል ያሳየናል፤ የእኛን መነሻ ግን ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ እናነጻጽር፤ ስናነጻጽር ግን ከኪሎው በፊት ሦስት ነገር እንጠያየቅ። ከየት ጀመርክ? በእጅህ ያለው ጊዜ፣ እንቅልፍና ማዕድ ምን ያህል ነው? ቀጣዩ እርምጃህስ ምንድን ነው?

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ዘወትር ትንሽ ነው፤ ትንሽም መሆን አለበት። ጀርባን ሳያጎብጡ አምስት ጊዜ በሚነሣ ክብደት ይጀመራል። ብረቱ ከባት ሳይርቅ፣ ትንፋሽ ሆድ ውስጥ ተይዞ፣ መሬቱን በእግር እንደ መግፋት ተደርጎ ይነሣል። ከዚያም ሁለት ኪሎ ተኩል ይጨመራል። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ የሚጨምር ጀማሪ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ለመድረስ 16 ሳምንት ይበቃዋል፤ አራት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው። እያደር ጭማሪው ይዘገያል፤ ያኔ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደገና መነሣት ያስፈልጋል። በሌላ አገር የተጻፈ የልምምድ ዕቅድ የእኛን ሁዳዴ አያውቅም። ኀምሳ አምስት ቀን በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ የሚውል ጿሚ በዚያ ወራት ያለውን ክብደት ይዞ ከቆየ ብዙ ሠርቷል፤ በጾሙ ወቅት ሥጋና እንቁላል ከሚበላ ሰው ጋር ጭማሪ መቁጠር የለበትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ነው። በሙያዬ ቋንቋ ልናገርና፣ ጉልበት ቁጠባ ነው። በእልህ የተደረበ ኪሎ ግን ብድር ነው፤ ወለዱ ከባድ ነው፤ መያዣውም አከርካሪ ነው።

ይህ ሁሉ ለብዕር ሰው ምን ይረባዋል? «ስንት ታነሣለህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም መንደር «ስንት መጽሐፍ አሳተምክ?» በሚል ስም ይዞራል። አንዱ በዓመት አንድ መድበል ያወጣል፤ ሌላው አሥር ዓመት አንድ ግጥም ሲያቃና ይኖራል። ሁለቱን በቁጥር ብቻ ያስተያየ ሰው ጣሳውንና የውድድሩን ብረት አንድ ነው እንዳለው ሰው ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል፤ ኪሎም እንደ ወርቁ ነው። ከብረቱ ተመልሼ ባንድ ምሽት የጻፍኳትን ይህችን አጭር ግጥም ስንብት አድርጉልኝ።

ዘመድ ባዳ አይለይ ዝም ያለው ብረቱ፣
ለጌታም ለሎሌም እኩል ነው ክብደቱ፤
ኪሎዬን ከኪሎው አታነጻጽሩኝ፣
የመጣሁበትን ጎዳና ጠይቁኝ።