ቲፎዞና ሹም ሽር

«ቲፎዞ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደ መጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ከምን እንደ ተነሣ ግን ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ጣሊያኖች «ቲፎ» የሚሉት ተስቦን ነው፤ ስለዚህ ቲፎዞ ማለት እንደ ተስቦ ሕመምተኛ ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ ሰው ማለት ነው። በአገራችን ቃሉ ኑሮውን የመሠረተው በእግር ኳስ ሜዳ ነው። በተወለደበት አገር ግን ለኳሱም ለመኪና እሽቅድምድሙም ያገለግላል፤ በመኪናው በኩል ቲፎዞ ከተባለ የፌራሪ ቀይ መኪና ወዳጅ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኛ ዘመን መለወጫ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በሚላኖ አጠገብ ባለችው በሞንዛ ከተማ ውድድር ይደረጋል። ያን ዕለት ይህ ሕዝብ ቀይ ለብሶ፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልተሰጠው ይረዳል።

የትኩሳት ጠባይ ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ዛሬ «ጀግናችን» የተባለው ነጂ ከሁለት ወር በኋላ «ይውረድልን» ይባላል፤ ትናንት «ይሂድ» የተባለው ከሄደ በኋላ «ምነው ባልሄደ» ይባልለታል። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል ደጋግሞ የሚነሣው ቃል «ታማኝነት» የሚለው ነው። ነጂው ለቡድኑ ታማኝ ነውን? ቡድኑስ ለነጂው? ነገሩ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ለሚሾሙና ለሚሽሩ፣ ራሳቸውም ለሚሾሙና ለሚሻሩ ወጣቶች የሚሆን ቁም ነገር አለበት ብለን ስለምናምን ዛሬ ልናነሣው ወደድን።

አስቀድመን የጨዋታውን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንግለጽ፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፎርሙላ ዋን በሚባለው የዓለም ሻምፒዮና እያንዳንዱ ቡድን ሁለት መኪና ያሰልፋል፤ ሁለት ነጂም ይቀጥራል። ነጂው ለራሱ ነጥብ ይሰበስባል፤ የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ ደግሞ ለቡድኑ ይቆጠራል። ስለዚህ የአንድ ነጂ የቅርብ ባልደረባው የቅርብ ባላንጣውም ነው። ከሌላ ቡድን ነጂ ቢሸነፍ «መኪናው በለጠኝ» ሊል ይችላል፤ ከባልደረባው ቢሸነፍ ግን ማመካኛ የለውም፤ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ነው። በ2025 በዓለም ላይ የነበረው መቀመጫ 20 ብቻ ነበር። መቀመጫው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ሹም ሽሩ በያመቱ አይቀርም።

ለክርክራችን ዋና ምሳሌ የሚሆነው ፌራሪ በ2024 መጀመሪያ ያደረገው ሹም ሽር ነው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን ቡድኑ ለ2025 ሉዊስ ሐሚልተንን መቅጠሩን አስታወቀ። ሐሚልተን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ከሰባቱም ስድስቱን በመርሰዲስ ያገኘ እንግሊዛዊ ነው። በፌራሪ ቤት የሞናኮው ተወላጅ ሻርል ለክሌር ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ውሉን አድሶ ስለ ነበር፣ ቦታ የሚለቀው እስፓኛዊው ካርሎስ ሳይንዝ ሆነ። ሳይንዝ ደካማ ሆኖ አልነበረም። በ2023 ከተደረጉት 22 ውድድሮች ሬድ ቡል የተባለው ቡድን 21ዱን ጠራርጎ ሲወስድ፣ የቀረችውን አንዲቱን በሲንጋፖር ያሸነፈ እርሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው መሰናበቱን እያወቀ አንድ ሙሉ ዓመት መሥራት ነበረበት። በማርች ወር የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና አንድ ውድድር አመለጠው። ከሕክምናው ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በሜልቦርን ተሰለፈ፤ አሸነፈም። በኦክቶበርም በሜክሲኮ ደገመው። በዓመቱ መጨረሻ ፌራሪ 652 ነጥብ፣ ማክላረን 666 ነጥብ አገኙና ፌራሪ ከ2008 ወዲህ ያላየውን የቡድን ሻምፒዮንነት በ14 ነጥብ ብቻ አጣው። የተሻረው ሹም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ለቤቱ ሲዋጋ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ 2025 መጣ። ሐሚልተን በማርች ወር በሻንጋይ ቅዳሜ የሚደረገውን አጭሩን ውድድር ሲያሸንፍ «አላልናችሁም?» የሚለው ወገን ደረቱን ነፋ። ይሁን እንጂ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ በዋናው የእሑድ ውድድር ከሦስቱ አሸናፊዎች መድረክ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወጣ ቀረ። ለክሌር 242 ነጥብ ሲያገኝ እርሱ 156 ብቻ አገኘ፤ ቡድኑም አንድም ዋና ውድድር አላሸነፈ። በአንጻሩ ሳይንዝ ወደ ዊሊያምስ ቡድን ገብቶ በባኩና በካታር ሦስተኛ እየሆነ መድረክ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ቲፎዞው ለሁለት የተከፈለው። አንደኛው ወገን፣ «ፌራሪ በልቶ ካጅ ነው፤ ያገለገለውን ጥሎ በስም ተታለለ፤ የእጁን አገኘ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ፌራሪ ኩባንያ እንጂ የጡረታ ቤት አይደለም፤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ልምጣ ቢል በሩን የሚዘጋ ማን ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የታማኝነትን ስም ይጠራሉ፤ አንዱ ለሰውየው፣ ሌላው ለቤቱ።

እኛ በበኩላችን ከሁለቱም የምንለይበት ነገር አለን። ምርጫው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የአንድ ዓመት ውጤት አይቶ መፍረድ ችኮላ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ በዚህ ጨዋታ ግን ፈረሱም ይዋጋል። ከ2019 ጀምሮ በቤቱ የነበረው ለክሌር በዚያው መኪና አንድም ጊዜ ካላሸነፈ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ ሰው ላይ መጫን ግፍ ነው። ደግሞም ያው ፌራሪ በ1996 ማይክል ሹማከርን ሲቀጥር የቀጠረው ስም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ነበርና። ስሙም ወዲያው ፍሬ አልሰጠም። ከ1979 ጀምሮ የተቋረጠው የነጂዎች ሻምፒዮንነት ወደ ፌራሪ የተመለሰው በ2000 ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን አምስት ዓመት በተከታታይ ተገኘ። በ1997 ወይም በ1998 «ይውረድልን» ያለ ቲፎዞ ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ባልታየ ነበር።

ስለዚህ ታማኝነትን የምንመዝነው በማን ቀረና በማን ሄደ አይሁን እንላለን። የምንመዝነው ቃሉ እንዴት ተሰጠ፣ እንዴትስ ተጠበቀ በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ፌራሪ ሳይንዝን አልካደውም። የዓመቱ ውድድር ገና ሳይጀመር እንደማይቀጥል ታወቀ፤ ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ አገኘ፤ ውሉም በቀኑ አለቀ። መራራ ነገር ነው፤ ነገር ግን በግልጽና በጊዜው የተነገረ መራራ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የሬድ ቡልን ሥራ እናስተያይ። ቡድኑ በጁን 2024 የሰርጂዮ ፔሬዝን ውል አደሰ፤ በዲሴምበር ግን አሰናበተው። ፔሬዝ በዚያ ዓመት መድከሙ የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን ሰባት ወር ያልቆየ ቃል ምን ቃል ይባላል? በቦታው የተተካው ወጣቱ ሊያም ሎውሰንም በ2025 ሁለት ውድድር ብቻ ነድቶ ወደ ታናሹ ቡድን ተመለሰ፤ ዩኪ ሱኖዳ ተተካ። ሱኖዳም ያን ዓመት ከፈጸመ በኋላ ቦታውን ለሌላ ለቀቀ። አዲስ ሹም መዝገቡን ገልጦ ሳያበቃ ቁልፉን አስረክብ ቢባል፣ ያልሠራው ሹሙ ነው ወይስ ሿሚው? በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ዐይኑ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በበሩ ላይ ይሆናል።

ወደ ኋላ ሄደን ሁለት አሮጌ ታሪኮች እናምጣ፤ ሁለቱም ከፌራሪ ቤት ናቸው።

የመጀመሪያው በ1956 በሞንዛ የሆነው ነው። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ አራተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ሊያገኝ ሲል መኪናው ተሰበረችበት። በዚያን ጊዜ ሕጉ አንዱ ነጂ መኪናውን ለሌላው እንዲሰጥና ነጥቡን እንዲካፈሉ ይፈቅድ ነበር። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሙሶ በአገሩ ሕዝብ ፊት መኪናውን አልሰጥም አለ። የ24 ዓመቱ እንግሊዛዊ ፒተር ኮሊንስ ግን እርሱም ሻምፒዮን የመሆን ዕድል እያለው፣ ከመኪናው ወርዶ ለታላቁ ሰው አስረከበ። ፋንጂዮ ሁለተኛ ወጣ፤ ሻምፒዮንም ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ፋንጂዮ ፌራሪን ትቶ ወደ ማዜራቲ ሄደ፤ እዚያም አምስተኛውን አገኘ። ኮሊንስ ደግሞ በ1958 በጀርመን በኑርቡርግሪንግ በውድድር ላይ ሞተ፤ ሻምፒዮን ሳይሆን ቀረ። ሙሶም በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በሬምስ ሞቷል።

ሁለተኛው በሜይ 2002 በኦስትሪያ የሆነው ነው። ብራዚላዊው ሩቤንስ ባሪኬሎ ከፊት ተነሥቶ ውድድሩን ሲመራ ዋለ። ሹማከር ከዚያ በፊት ከተደረጉት አምስት ውድድሮች አራቱን አሸንፎ ስለ ነበር በችግር ላይ አልነበረም። የቡድኑ አለቆች ግን ባሪኬሎን «አሳልፈው» ብለው አዘዙ፤ እርሱም በመጨረሻው መስመር ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ አሳለፈው። ሕዝቡ በፉጨትና በጩኸት ተቃወመ። ሹማከርም አፍሮ ባሪኬሎን ወደ አንደኛው ደረጃ ገፍቶ አወጣው። በሽልማቱ ሥርዓት መጣስ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተወሰነ፤ ግማሹም በገደብ ታለፈ። ከ2003 ጀምሮም እንዲህ ያለው ትእዛዝ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2011 ነው።

በሁለቱም ታሪኮች አንዱ ለሌላው ለቀቀ፤ በሁለቱም የተጠቀመው ቡድኑ ነው። ታዲያ ኮሊንስ እስከ ዛሬ በክብር ሲነሣ፣ የኦስትሪያው ቀን ለምን ያሳፍራል? ኮሊንስ የሰጠው የራሱን ነው፤ ማንም አላስገደደውም። ባሪኬሎ ግን ያስረከበው ከእጁ የተወሰደውን ነው። ታማኝነት የሚባለው በፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ በትእዛዝ ሲወሰድ ስሙ ታዛዥነት ነው። መታዘዝም ቦታ አለው፤ ደመወዝ የሚቀበል ሰው መታዘዝ አለበት። አለቃ ግን ትእዛዙን ሰጥቶ ሲያበቃ «እንዴት ያለ ታማኝ ነው» እያለ ማመስገኑ በሰው ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ሙሶንም ከሐዲ ለማለት አንደፍርም፤ የራሱን አልሰጥም ማለት መብቱ ነበርና። ለኮሊንስ ሥራ ክብር የሚሰጠው የሙሶ እምቢታ መፈቀዱ ነው፤ እምቢ ማለት በማይቻልበት ቤት እሺ ማለት ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «ኮሊንስ ሞኝ ነበር፤ የተደረገለት ሰው በዓመቱ ጥሎ ሄደ፤ እርሱም ሳይሾም ሞተ» ይለን ይሆናል። ነገሩ እውነት አለው፤ ልንክደውም አንፈልግም። ታማኝነት ብድሩን ይመልሳል ብሎ የሚሰብክ ሰው ወጣቱን ያታልላል። ብዙ ጊዜ አይመልስም። ሳይንዝም በሜልቦርን አሸንፎ ወንበሩ አልተመለሰለትም። ነገር ግን ሌላ ቤት ሲገባ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የገባው፤ ሥራውም ተከትሎት ሄደ።

የቲፎዞውስ ታማኝነት ምን ይሁን? እኛ እንደምናየው፣ ቲፎዞ በደጉ ቀን መጨፈሩ አያስመሰግነውም። ቀዩን መኪና የሚወድ ሰው የነጂውን ድካም አይቶ «ደክሟል» ቢል ደግ ነው፤ ግን በሁለት ውድድር «ይሻር» ማለት ወረት ነው። የአለቆቹን ጥፋት አይቶ «መኪናው የኛ ነው» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ፍርሃት ነው። በኦስትሪያ ያፏጨው ሕዝብ፣ ከውጤቱ ይልቅ ውድድሩን እንደሚወድ ስላሳየ፣ ለጨዋታው ከአለቆቹ ሁሉ ይበልጥ ታማኝ ነበር። ሕጉም እንዲለወጥ ምክንያት የሆነው ያ ፉጨት ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርነው ስለ መኪና ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የገባን ወጣቶች፣ ዛሬ ስለ ፌራሪ የምንከራከረውን ክርክር ነገ ስለ ራሳችን እንከራከረዋለን። አንዱ ይዛወራል፤ አንዱ ያድጋል፤ አንዱ በደጅ አዲስ ሰው መጥቶበት ወንበሩን ይለቃል። ያን ቀን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ የሄደውን ባልንጀራችንን «ከዳን» እያልን ከማማታችን በፊት፣ ሥራውን በሚገባ አስረክቦ ሄዷልን? ብለን እንጠይቅ። አለቃ የሆንን እንደ ሆነ ደግሞ፣ የምናሰናብተውን ሰው በጊዜው ፊት ለፊት እንንገረው፤ በሰኔ «አለሁልህ» ብለን በታኅሣሥ በደብዳቤ አናሰናብተው። የሾምነውንም ሰው ቢያንስ መንገዱን እስኪለምድ ድረስ እንታገሠው። የተሻርን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ቁልፉን እስከምናስረክብበት ሰዓት ድረስ ሥራው የኛ መሆኑን አንርሳ።

ትኩሳቱ ለሜዳ ይሁን፤ እዚያ ያምርበታል። ሰው ሲሾምና ሲሻር ግን ትኩሳት የሌለበት ሰው ይፍረድ።