የክረምቱን የቤት ሥራ ማን ያርመዋል?

በየዓመቱ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፈተናው አልቆ የውጤት ካርድ በሚታደልበት ሰሞን፣ በወላጆችና በአስተማሪዎች መካከል አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። ክርክሩም ተማሪዎች ሐምሌንና ነሐሴን በሚያርፉበት ጊዜ የቤት ሥራ ሊሰጣቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው የልጆች ጉዳይ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን ስለ ትምህርታችን አሰጣጥና ስለ ኑሯችን ልዩነት ብዙ የሚነግር ሆኖ ይገኛል።

የቤት ሥራ ይሰጥ የሚሉት ወገኖች ያላቸው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ሁለት ወር ለልጅ አእምሮ ረጅም ጊዜ ነው፤ በግንቦት ክፍልፋይ መደመርን አሳምሮ ያውቅ የነበረ ተማሪ በመስከረም ጠመኔውን ይዞ በሰሌዳው ፊት ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። አባቶች «ትምህርት በልጅነት፣ አበባ በጥቅምት» ያሉትም ጊዜው ካለፈ እንደማይመለስ ሲያስጠነቅቁ ነው። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የወላጅን ሐሳብ አክብዶታል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ልጁ ገና ሦስተኛ ክፍል የሆነ አባት እንኳ ደንግጦ «ክረምቱ በከንቱ አይለፍ» ማለት ጀምሯል። ይህን በማለቱ ሊነቀፍ አይገባውም።

አይሰጥ የሚሉትም በበኩላቸው የሚያቀርቡት እውነት አለ። ልጅ ዐሥር ወር ሙሉ ማልዶ ተነሥቶ ከደብተር ጋር ሲታገል ከርሟል፤ መጫወትም፣ ዘመድ መጠየቅም፣ ከእናት ከአባቱ ጋር መሥራትም የሚያስተምሩት ነገር አለ። ከዚህም በላይ የትምህርት ዘመናችን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ መዘጋቱ ከዝናቡና ከእርሻው ጋር የተስማማ ነው። ወንዝ በሚሞላበት፣ መንገድ በሚጨቀይበት፣ ማሳ አራሚ በሚፈልግበት ወራት የገበሬ ልጅ ዕረፍት ላይ ነው ማለት ስሙ እንጂ ግብሩ አይደለም። ቀን ከብት ሲጠብቅና አረም ሲያርም ውሎ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሠላሳ የሒሳብ ጥያቄ ሥራ ቢሉት ጥያቄው ፍርድ የጎደለው ይሆንበታል።

በውጭ አገር የተደረገውን ምርምር ብንመለከት ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንዳላቸው እንረዳለን። ሐሪስ ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር 39 ጥናቶችን መርምሮ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ተማሪዎች በረጅሙ ዕረፍታቸው በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለሱ፣ ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ እንደሚበረታ ገልጧል። በንባብ ረገድ ግን ኑሮው የተደላደለ ቤተሰብ ልጅ በዕረፍቱ ጥቂት ወደ ፊት ሲራመድ፣ የድኻው ልጅ ወደ ኋላ ሲቀር ተገኝቷል። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች የጉዳቱ መጠን እንደ አለካኩ ይለያያል ብለው ተከራክረዋል። ይኸው ምሁር በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ዘንድ የጠነከረ፣ በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ የስድስት ዓመት ሕፃንና የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይችሉም።

የፈረንሳይም ሁኔታ ትምህርት ይሰጠናል። ያች አገር በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች የጽሑፍ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ ከልክላለች። ይሁን እንጂ በዚያው አገር ከ1930ዎቹ ጀምሮ «የዕረፍት ጊዜ ደብተር» የሚባል የመልመጃ መጽሐፍ እየታተመ ይሸጣል፤ ወላጆችም እየገዙ ለልጆቻቸው ይሰጣሉ። አስተማሪው የተወውን ገበያው አነሣው ማለት ነው። በእኛም ከተሞች ክረምት በገባ ቁጥር በክፍያ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይመለከታል። ስለዚህ «ምንም አይሰጥ» ብሎ መዝጋት ብቻውን ልጆችን እኩል አያደርጋቸውም።

እንደ እኔ አስተያየት ክርክሩ እልባት ያጣው ጥያቄው በደንብ ስላልቀረበ ነው። ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ከማለታችን በፊት፣ የተሰጠውን ማን ያርመዋል ብለን መጠየቅ ይገባናል። የቤት ሥራ ማለት ወረቀት መሙላት ብቻ አይደለም። ተማሪው ሞክሮ ይሳሳታል፤ አስተማሪው አይቶ ያርማል፤ ተማሪውም ስሕተቱን አውቆ ይመለሳል። ሰኞ የተሰጠው ማክሰኞ ሲታይ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ድካም ብቻ ነው።

በክረምት የሚሆነውን እንመልከት። በብዙዎቹ የመንግሥት ተማሪ ቤቶች ተማሪው በውሰት የያዘውን መጽሐፍ ሰኔ ላይ ይመልሳል፤ መልመጃውን ከየት አይቶ ይሠራዋል? የቤት ሥራውን የሰጠው አስተማሪ በመስከረም ያንኑ ተማሪ ላያገኘው ይችላል፤ ልጁ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፎ ወደ ሌላ አስተማሪ ሄዷልና። አዲሱ አስተማሪ ደግሞ ባልሰጠው ሥራ አይጠየቅም። ከአስተማሪዎችም ብዙዎቹ በክረምት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ደረጃቸውን ለማሻሻል በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ የክረምት ትምህርት ገብተው የራሳቸውን የቤት ሥራ ይሠራሉ።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በመስከረም ይታያል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተቆለለውን ደብተር አስተማሪው ገልጦ «ታይቷል» ብሎ ከመፈረም የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ከተማሪ ወንበር ከተነሣን ብዙ ዓመት ያልሆነን ወጣቶች እንደምናስታውሰው፣ የሁለት ወሩ ሥራ በጳጉሜን ቀናት ውስጥ ከአንድ ጎበዝ ልጅ ደብተር ለዐሥር ሰው ይዳረሳል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ሒሳብ ሳይሆን፣ የማይነበብ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በቅን ልብ የሠራውም ቢሆን አይድንም፤ ክፍልፋይ ሲቀንስ የተሳሳተ መንገድ የያዘ ልጅ ያንኑ ስሕተት ሁለት ወር ቢለማመደው መስከረም ላይ ከሥሩ ለመንቀል አስቸጋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ርቀን ምስክር መፈለግ አያሻንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተማሪ ቤቶች በተዘጉ ጊዜ አገሪቱ በሙሉ ይህን ፈተና አይታዋለች። ተማሪ ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ፣ በከተማ ያሉ አንዳንድ የግል ተማሪ ቤቶች በቴሌግራም የቤት ሥራ ይልኩ ነበር፤ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥንም ይተላለፍ ነበር። ስልክና ኢንተርኔት፣ ከዚያም በላይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ አንድ ነገር አገኘ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ያለው ልጅ ግን የቤት ሥራ መኖሩንም አልሰማ። ከቤት የሚጠበቅ ትምህርት እንደ ቤቱ እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ትልቁም ጉዳት ይህ ነው። የክረምት የቤት ሥራ በመስከረም ማርክ ሲያዝበት የሚመዘነው ልጁ ሳይሆን ቤቱ ነው። ወንድምና እኅት ያስተማሩት «ትጉህ» ይባላል፤ ሲያርም የከረመው «ሰነፍ» ተብሎ አዲሱን ዓመት በነቀፋ ይጀምራል። በመጀመሪያው ሳምንት በክፍል ፊት የተዋረደ ልጅ ደግሞ ለትምህርት ያለው ፍቅር ቶሎ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ዕረፍቶቹን መለየት ያስፈልጋል። በጥርና በየካቲት መካከል የሚሰጠው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት አጭር ነው፤ መጽሐፉም ከልጁ እጅ አልወጣም፤ አስተማሪውም ያው ነው። በዚያን ጊዜ በተለይ ለከፍተኛ ክፍሎች ጥቂት መልመጃ ቢሰጥና ሲመለሱ በክፍል ውስጥ ቢታረም ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። በክረምት ግን ማርክ የሚያዝበት የቤት ሥራ ሊቀር ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ በቤት ሥራው ፈንታ ንባብ ይግባ። በየተማሪ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ተደርጎባቸው የሚከርሙት መጻሕፍት ከአቧራ በቀር አንባቢ የላቸውም። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ቢከፈቱ፣ ወይም እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የተረት ወይም የታሪክ መጽሐፍ በውሰት ይዞ ቢሄድ ብዙ ነገር ይለወጣል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ለዋና ከተማ ልጅ እንጂ ለወረዳ ልጅ አይደርስም። በእርግጥ ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቅ ሰው አበል ይፈልጋል፤ የሚጠፋም መጽሐፍ ይኖራል። ቢሆንም ተነቦ የጠፋ መጽሐፍ ሳይነበብ ምስጥ ከበላው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የክረምት ሥራ መስጠት የግድ ነው የሚል አስተማሪ ቢኖር፣ ልጁ በሚኖርበት ኑሮ ላይ የተመሠረተ ይሁን። ዝናብ የጣለበትን ቀን መመዝገብ፣ በአካባቢው የሚዘሩትን አዝርዕት ስምና የሚዘሩበትን ጊዜ መጻፍ፣ አያት የነገሩትን ታሪክ በአንድ ገጽ ማስፈር ይቻላል። በእንዲህ ያለው ሥራ የገበሬው ልጅ ከከተሜው ባያንስ እንጂ ቢበልጥ አያስገርምም፤ የሚገለብጠውም ደብተር አይኖርም።

በመጨረሻም የተረሳውን የማስታወስ ኃላፊነት የመስከረም ይሁን። አዲሱ አስተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለክለሳ ቢያውላቸው፣ ማን ምን እንደረሳ በአጭር ፈተና ያለ ማርክ ቢመረምር፣ ሁሉም ልጅ አንድ አስተማሪና አንድ ሰሌዳ ባለበት ቦታ እኩል ይታረማል። ወላጆችም የተማሪ ቤቱን ሥራ ከተማሪ ቤቱ፣ የቤቱን ሥራ ከራሳቸው ይጠይቁ። ልጅን ማታ ማታ «ዛሬ ምን አነበብህ?» ብሎ መጠየቅ የአስተማሪ ፊርማ አያስፈልገውም፤ ያልተማረ አባትና እናትም ሊጠይቁት ይችላሉ።